የኖራ ነጠብጣብ

ማክሰኞ ጠዋት፣ የመዋኛው ሠራተኛ ሌቨንቴ ዛምቦ ከመሞቱ በፊት፣ በከተማችን የሕዝብ መዋኛ ምድር ቤት ውስጥ ሁሉም ነገር በቦታው ነበር። ግቢው ውስጥ ያለው የፍል ውሃ ጉድጓድ ተዘግቷል። ከጉድጓዱ የሚመጣው ወፍራም ቧንቧ ግድግዳውን በስቶ ይገባና አዲሱ ቀይ ቫልቭ ጋ ይደርሳል፤ ቫልቩም ተዘግቷል። ከቫልቩ ወዲያ ፍሉ ከቀዝቃዛው ጋር የሚቀላቀልበት ትልቅ የኮንክሪት ታንከር አለ፤ ባዶ ነው። ሌቨንቴ በታንከሩ አናት ባለው ጠባብ ቀዳዳ በመሰላል ወርዶ፣ ውስጥ ተንበርክኮ፣ በግድግዳው ላይ ለዓመታት የተጋገረውን የኖራ ቅርፊት በመሮና በመዶሻ ይፈለፍላል። አሮጌዎቹ መሣሪያዎች እየተነቀሉ በአዲስ የሚተኩበት ወር ነበር።

ከምሳ ሰዓት በፊት ሬሳው ወጣ። የጉድጓዱ ውሃ ሰባ አራት ዲግሪ ነው። ስለ ሬሳው ከዚህ በላይ መጻፍ አያስፈልግም።

ኢንስፔክተር ኤቴልካ ቦዶር ከአውራጃው ከተማ በአውቶቡስ ስትደርስ፣ ከተማው ገዳዩን መርጦ ጨርሷል። ዴዦ ባርታ ናቸው ይላል፤ የመዋኛው አንጋፋ መካኒክ፣ የሟች ሚስት አባት። ምክንያትም አላጣም። አዲሶቹ መሣሪያዎች ሽማግሌውን ጡረታ ያስወጧቸዋል፤ በፋሲካ ገበታ ላይም አማቻቸውን «እኔ በሕይወት እያለሁ ፓምፖቼን አትነቅላቸውም!» ብለው ሲጮሁበት ጎረቤት ሰምቷል።

ኤቴልካ አጭር፣ ዝምተኛ ሴት ናት። ምድር ቤት ወርዳ እጇን ኪሷ ውስጥ እንደከተተች ለረጅም ጊዜ ዙሪያውን አየች። ወለሉ ደርቋል። ፍሉ በዚያች ሰዓት ክፍሉን በእንፋሎትና በፍንጣቂ ሞልቶት ነበር፤ ፍንጣቂው ሲደርቅ ኖራውን ትቶ ስለሚሄድ፣ ግድግዳውም ፓምፖቹም ነጭ ጠቃጠቆ የወጣባቸው መስለዋል። መሀረቧን አወጣችና የፓምፑን ጀርባ አበሰች። ቀጥላ የአምፖሉን መስታወት፣ የቫልቩን ቀይ ክብ እጀታ፣ በቫልቩ አንገት ላይ በሽቦ የተንጠለጠለውን ሰማያዊ ሰሌዳ። ሰሌዳው ላይ ቀስት ተስሏል፤ ከሥሩ «ለመዝጋት ወደ ቀኝ» ይላል። መሀረቡን አየት አድርጋ አጠፈችና ኪሷ ከተተችው።

«ቫልቩ እንዲህ ነው የተገኘው?» አለች።

«እንዲሁ። ወለል ብሎ ተከፍቶ» አለ ዛላን ኩርቲ። የእድሳቱ መሐንዲስ ነው፤ ወጣት፣ ጫማው የጸዳ፣ ዓይኑ ግን ከማክሰኞ ወዲህ ያልተኛ ሰው ዓይን።

«ጉድጓዱንስ ማን ከፈተው?»

«እኔ። ውሃውን ከጋዝ የሚለየውን አዲሱን ማማ ሞክርልኝ አሉኝ ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ፒሮሽካ። ቫልቩ ተዘግቷል፤ ውሃው ወደ ማማው ብቻ ነው የሚሄደው ብዬ ከፈትኩ። ጩኸቱን ስሰማ ሮጬ ዘጋሁት። ግን...» አልጨረሰውም።

«መዘጋቱን በምን አወቅክ?»

«ሌቨንቴ ሲዘጋው እዚህ ቆሜ ነበራ! ወጥሮ አጠበቀው። እንደውም ‹ቀስ በል ወንድሜ፣ ዋጋው ካንተ ደሞዝ ይበልጣል› ብዬው ስቀናል። ከሱ በኋላ የገቡት ጋሽ ዴዦ ብቻ ናቸው።»

«በሰንሰለት መቆለፍ አልነበረበትም?»

«ሰንሰለቱ ገና አልመጣም።»

«ሰሌዳውስ?»

«ሰሌዳው? ቫልቩ ከተገጠመ ጀምሮ አለ።»

የመዋኛው ሥራ አስኪያጅ ወይዘሮ ፒሮሽካ ቤንቼ ቢሯቸው ውስጥ ስልክ እያነሱ እየዘጉ ተቀበሏት።

«ምን ልበልሽ ኢንስፔክተር፣ ከንቲባው የመዋኛውን ምረቃ ዝግጅት በዚሁ ሳምንት ሊጎበኙ ነበር። አሁን ምን ብዬ ነው የምነግራቸው?»

«ሌቨንቴ እንዴት ያለ ሰው ነበር?»

«ወርቅ። ነፍሱን ይማረው። ብቻ ጥያቄ አያልቅበትም። ዛሬ ጓንት፣ ነገ መብራት፣ ከነገ ወዲያ ሰሌዳ። ‹ከምረቃው በኋላ› እያልን...» ድምፃቸው ተቆረጠ። «ሰው ከምረቃው በፊት ይሞታል ብሎ ማን ያስባል?»

«ጋሽ ዴዦ ቫልቩ ሲቀየር ነበሩ?»

«የት ነበሩና! ጉልበታቸውን ኦፕሬሽን ሆነው ሆስፒታል ተኝተው። ሥራ የገቡት የዚያን ዕለት ጠዋት ነው፤ ገና እያነከሱ። ቤትዎ ይረፉ ብላቸው መቼ ሰምተውኝ!»

ሽማግሌው ግቢው ውስጥ፣ ላንጎሽ የሚባለው ጥብስ ቂጣ የሚሸጥበት የተዘጋ ሱቅ በር ላይ ተቀምጠዋል። በፌስታል ፖጋቻ የሚባለውን ትንሽ ዳቦ ይዘዋል፤ አልተነካም።

«ልታስሪኝ ከሆነ ቶሎ በይ፣ ልጄ» አሏት። «አጥር ላይ ሆኖ የሚያየኝ ሰው በዝቷል።»

«መጀመሪያ የሠሩትን ይንገሩኝ።»

«ምን ሠራሁ? ሁልጊዜ የምሠራውን። እዚህ ቤት ሰው ታንከር ከገባ፣ የገባው ራሱ ይዘጋል፤ ከሱ በኋላ እኔ እጄን እጭንበታለሁ። እኔ ያልነካሁትን ቫልቭ ዘግቻለሁ የሚል ሰው እዚህ የለም። እንደደረስኩ ወርጄ ነካሁት። ዞረ! ምን ማለት ነው? ክፍት ትቶት ነዋ የገባው! መጨረሻው ድረስ ወስጄ ወጥሬ ዘጋሁት። ‹አንተ ዝርክርክ፣ ልጄን ያለ ባል ልታስቀራት ነው?› ብዬ ጮህኩ። አልሰማኝም፤ መዶሻው ይጮሃል። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ደህና ነው ብዬ ወጣሁ።» ፌስታሉን አየት አደረጉ። «ሲወጣ እንዲበላ ፖጋቻ ልገዛለት ሄድኩ። ልታረቀው አስቤ ነበር።»

«እንዴት እንደዘጉት በእጅዎ ያሳዩኝ።»

ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን አየር ላይ ዘረጉና፣ የማይታየውን እጀታ ጨብጠው፣ ግራ እጃቸውን ወደ ታች ሳቡ፤ ቀኙ ወደ ላይ ወጣ። አሁንም ሳቡ። ኤቴልካ ዓይኗን ከእጃቸው አላነሳችም።

«ሰሌዳውን አላዩትም?»

«የምን ሰሌዳ?»

«ዓይንዎ እንዴት ነው?»

«የታመመው ጉልበቴ ነው፣ ዓይኔ ምን ሆነ ብለሽ ነው? ያውና የቤተ ክርስቲያኑ ሰዓት፤ ሁለት ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቷል። አንቺ ይታይሻል?»

አልታያትም።

የሟች ሚስት ኤሚኬ የሕፃናት ዋና አስተማሪ ናት። ውሃ በሌለው ትልቁ ገንዳ ጫፍ ላይ እግሯን ወደ ውስጥ አንጠልጥላ ተቀምጣለች። ኤቴልካ ጫማዋን አውልቃ አጠገቧ ተቀመጠች።

«አባቴ ትናንት ማታ ደጄ ላይ ቆሞ አመሸ» አለች ኤሚኬ። «አልከፈትኩለትም።»

«እሳቸው ናቸው ብለሽ ታምኛለሽ?»

«አላውቅም። ባውቅማ ወይ አቅፈዋለሁ፣ ወይ ፊቱ ላይ እተፋለሁ። አለማወቁ ነው የገደለኝ።» ወደ ኤቴልካ ዞረች። «ሰው ሁሉ እያባበለኝ ነው፤ አንቺ እንዳታባብዪኝ። ነገ ባሌን እቀብራለሁ። አባቴንም አብሬ ልቅበረው ወይስ አልቅበረው፣ እሱን ብቻ ንገሪኝ።»

ኤቴልካ የቀረውን ቀን ከአጥሩ ጥግ፣ የተነቀሉት መሣሪያዎች በተከመሩበት አሳለፈች። አሮጌውን ቫልቭ ከፓምፖቹ ሥር ጎትታ አወጣችው። ቀለም በቀለም ላይ ተቀብቶበት ፊቱ ጠፍቷል። በቁልፏ ፋቀችው፤ እጀታውን እየታገለች ወደ አንድ በኩል አዞረች፣ መልሳ ወደ ሌላው፤ አንገቷን አዘንብላ ውስጡ ያለው የብረት ምላስ ሲወርድና ሲወጣ ተመለከተች። ከዚያ እጇ በዝገት እንደተለወሰ ብረቱ ላይ ቁጭ አለች። የምርመራው መልስ እጇ ላይ ነበር። ግን ለመናገር የምትቸኩልበት መልስ አልነበረም።

በማግስቱ፣ ከቀብር መልስ፣ አራቱን ምድር ቤት ሰበሰበቻቸው። ኤሚኬ ጥቁር እንደለበሰች ከአባቷ ርቃ በሩ ጋ ቆመች። ጉድጓዱ ተዘግቶ በሰንሰለት ተቆልፏል።

«ጋሽ ዴዦ» አለች ኤቴልካ፣ «ይህን ለብቻዎ ብነግርዎት እመርጥ ነበር። ግን ልጅዎም መስማት አለባት።»

«ተናገሪ።»

«ዛላን ‹ሌቨንቴ ቫልቩን ወጥሮ ዘጋው› ይላል። ጋሽ ዴዦ ደግሞ ሲነኩት እጀታው እንደዞረላቸው ይናገራሉ። ከተማው ከሁለት አንዱ ዋሽቷል ይላል። ሽማግሌው የዋሹ ቢሆኑ ግን ‹ተዘግቶ አገኘሁት› ብለው በገላገላቸው ነበር። ዞረልኝ ማለት፣ ነካክቼዋለሁ ብሎ በራስ ላይ መመስከር ነው። ስለዚህ ሁለቱም እውነት ቢናገሩስ ብዬ ጠየቅኩ። ወጥሮ የተዘጋ ቫልቭ የሚዞረው ወደ አንድ በኩል ብቻ ነው።»

«ወደ መክፈቻው» አለ ዛላን ቀስ ብሎ።

«አሮጌውን ቫልቭ ትናንት ፋቅኩት። ከቀለሙ ሥር ቀስት አለ፤ የሚዘጋው ወደ ግራ ነው። እዚያ የተከመሩት ሌሎቹም እንደዚያው ናቸው። አዲሱ የሚዘጋው ወደ ቀኝ ነው። የተተካው ጋሽ ዴዦ ሆስፒታል ሳሉ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ወረዱ፣ እጃቸው እንደለመደው ወደ ግራ ሳቡ፣ ዞረላቸው። ክፍት አገኘሁት፣ ዘጋሁት ብለው አመኑ። ጉድጓዱ ገና ዝግ ስለነበር ጠብታ እንኳ አልፈሰሰም። ከዚያ ዛላን ጉድጓዱን ከፈተ።»

ሽማግሌው እጃቸውን እያዩ ነበር።

«ግን ሰሌዳው አለ» አሉ ወይዘሮ ፒሮሽካ። «ወደ ቀኝ ይላል እኮ። እያዩት...»

«አዎ። ሰሌዳው ካለ፣ ከግቢው ሆነው የቤተ ክርስቲያኑን ሰዓት የሚያነቡ ሰው አፍንጫቸው ሥር ያለውን ሳያዩ አይቀሩም። አይተው ወደ ግራ ከሳቡ ደግሞ ነፍስ ገድለዋል ማለት ነው። ጋሽ ዴዦን ገዳይ የሚያደርጋቸው ይህ ሰሌዳ ብቻ ነው።» መሀረቧን አውጥታ ዘረጋችው። «ፓምፑን ያበስኩበት፣ ነጭ። አምፖሉን፣ ነጭ። እጀታውን፣ ነጭ። ይኸኛው ጥግ ሰሌዳውን ያበስኩበት ነው፤ ንጹሕ። ሽቦው እንኳ ያበራል። ያ ፍንጣቂ ክፍሉን ሲሞላ ሰሌዳው እዚህ አልነበረም። ዛላን፣ ከመጀመሪያው አለ ያልከኝ አንተ ነህ።»

«እኔ...» ዛላን ግድግዳውን ተደገፈ። ኖራው ኮቱ ላይ ቀረ። «መኪናዬ ውስጥ ነበር። ሌቨንቴ ሁለት ጊዜ ጠይቆኝ ነበር። ‹የሽማግሌው እጅ የለመደው ወደ ግራ ነው፣ ከሆስፒታል ሳይመለሱ ስቀልልኝ› ብሎኛል።»

«ከምረቃው በኋላ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ ፒሮሽካ።

«ሬሳውን ካወጡት በኋላ ቫልቩን ሳየው ገባኝ» አለ ዛላን። «ጥፋቱ የኔ እንደሚሆን ገባኝ። ሰቀልኩት። ጋሽ ዴዦን እንዲህ ይሏቸዋል ብዬ አላሰብኩም፤ እግዜር ያውቃል አላሰብኩም!»

«ሲሏቸው ሰምተህስ?» አለች ኤሚኬ ከበሩ። «ዛሬ ሣጥኑን ከኛ ጋር ተሸክመሃል እኮ፣ ዛላን። አባቴ ከመቃብሩ አጥር ውጭ ቆሞ።»

ጋሽ ዴዦ ግን ይህን ሁሉ የሰሙ አይመስሉም። እያነከሱ ወደ ቀዩ ቫልቭ ሄዱ። ኤቴልካ ልትከለክል እጇን አነሳችና ተወችው። ሽማግሌው እጀታውን ወደ ቀኝ አዙረው አጥብቀው ዘጉት። ቀጥለው እጃቸውን አላቀቁ፣ እንደገና ያዙት፣ እንደ ልማዳቸው ግራውን ወደ ታች ሳቡ። ዞረ። ከእጀታው መሐል አንጸባራቂው ዘንግ ቀስ እያለ ወደ ውጭ ወጣ፤ ክፍት መሆኑን የሚናገር ዘንግ። እስኪያልቅ አዩት።

«መዶሻውን ሰማሁት» አሉ። «ኤሚኬ፣ ወጥሬ ነው የዘጋሁት። ላንቺ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

«አንድ ጊዜ ገባ ብዬ ባየው ኖሮ...»

«አባዬ፣ ልቀቀው።»

አለቀቁትም። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ያላቀቀችው ኤሚኬ ናት። ስታላቅቅ አለቀሰች፤ በቀብሩ ላይ አላለቀሰችም ነበር።

ዛላን ኩርቲ በቸልተኝነት ሰው በመግደልና ማስረጃ በማዛባት አራት ዓመት ተፈረደበት። ወይዘሮ ፒሮሽካ ሥራቸውን ለቀቁ። ጋሽ ዴዦ አልተከሰሱም። መዋኛው በመከር ወራት ተከፈተ፤ ኤሚኬ ልጆቹን ታስተምራለች፤ ሽማግሌው ግን አንድም ቀን አልመጡም። የሚኖሩት ልጃቸው ቤት ነው። የወጥ ቤቱንም ሆነ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ በእጃቸው አይነኩም። ቅዳሜ ቅዳሜ የገላ ውሃ የምትቀዳላቸው ኤሚኬ ናት። ሁልጊዜ በቴርሞሜትር ትለካዋለች፤ ሠላሳ ስድስት ዲግሪ።