በሩ ሳይሰበር የተያዘ ድንኳን

የፊዚክስ መምህሩ ጋሽ ደበሳይ፣ ፒያሳ ፎቅ ላይ ባለች ክፍላቸው ሞተው ተገኙ። ጠረጴዛው ላይ ፔርሙስ፣ ፔርሙሱ ውስጥ መርዝ ያለበት ሻይ። ሲጽፉ ከውስጥ ይቆልፋሉ፤ በሩ የተሰበረው ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው።

ካቴናው ተማሪያቸው ቃለአብ እጅ ላይ ገባ። ሻዩን በየጠዋቱ የሚያመጣው እሱ ነዋ!

«ፔርሙሱን ደረጃ ላይ ጋሽ ሉልሰገድ ተቀበሉኝ!» እያለ ይምላል።

«እኔ?» አሉ ሉልሰገድ፣ የሟች የሠላሳ ዓመት ጓደኛ፣ የእድሩ ጸሐፊ። «በሩ ሲሰበር ነው የደረስኩት። ውሸታም!»

ኢንስፔክተር ዘውዲ ቁመቷ አጭር ነው፣ ዓይኗ ግን ሩቅ ይሄዳል። ሟች ሲጽፉት የነበረውን መጽሐፍ አገላበጠች። የመጀመሪያው ገጽ የለም፤ ሁለተኛው ላይ ሣጥን ውስጥ ያለች ድመት ተስላለች።

«ቃለአብ፣ ይቺ ድመት ምንድናት?»

«ኳንተም ፊዚክስ ነው። ድመቷ ከመርዝ ጋር ሣጥን ውስጥ ናት። መርዙን የምታፈሰው አንዲት አተም ናት፤ ታፍስስ አታፍስስ አይታወቅም። ሣጥኑ እስኪከፈት ሒሳቡ ‹ሞታለችም፣ አለችም› ይላል። ሲያዩዋት ነው የሚለይላት።»

«ካላየኋትስ?»

«ካላዩማ ከየት ያውቃሉ?»

ዘውዲ ፈገግ አለች። ግቢው ውስጥ ስትዞር ወይዘሮ አይናዲስን ሲነጫነጩ አገኘቻቸው፤ ነገ ልጃቸውን ይድራሉ። አዋራቻቸው፣ ስልክ ደወለች፣ ከዛ ሁሉንም ኮሪደር ላይ ሰበሰበች።

«እማማ፣ የእድሩን ድንኳን መቼ ጠየቁ?»

«ጠዋት ሁለት ሰዓት። ጋሽ ሉልሰገድ ‹ለለቅሶ ተይዟል› አሉኝ።»

«የማን ለቅሶ ነው፣ ጋሼ?»

ሉልሰገድ ወደ ደረጃው ዞሩ፤ አንድ ፖሊስ መንገዱን ዘጋባቸው።

«የእድሩን ዳኛ ጠይቄያለሁ። በዚህ ሳምንት ከጋሽ ደበሳይ በቀር በእድሩ ለቅሶ የለም። ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ በሩ ዝግ ነው። ለኛ ሰውዬው አሉም፣ ሞተዋልም። ለእርስዎ ብቻ ሣጥኑ ሳይከፈት ለየለት፤ ሻዩ ውስጥ ያለውን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።»

«ታዲያ ደበሳይ ያለ ድንኳን ይቀበር?» ብለው ሉልሰገድ ጮሁ። ወዲያው አፋቸውን ያዙ። ምን ዋጋ አለው!

ፖሊሱ ኪሳቸውን ፈተሸ። በሩ ሲሰበር በግርግሩ የቀደዱት ገጽ ወጣ፦ «ደበሳይ» ተሰርዞ «ሉልሰገድ» ተጽፎበታል።

«አብረን አስተማርን» አሉ እያለቀሱ። «ስም ግን ለሱ ብቻ?»

ካቴናው የተፈታለት ቃለአብ ገጹን ገለበጠና አነበበ።

«‹ይህ መጽሐፍ ለወንድሜ ለሉልሰገድ፤ ያለ እሱ አይጻፍም ነበር።›»

«የታለ?» አሉ ሉልሰገድ።

«ጀርባው ላይ። አላዩትም እንዴ፣ ጋሼ?»