ኮርኒሱ የማን ነው?

ከምነግራችሁ ውስጥ የጤፍ ቅንጣት የምታህል ውሸት ከተገኘች ዘንገና ሐይቅ ውስጥ ወርውሩኝ። ታችኛው ወለል የት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ተመልሼ አላስቸግራችሁም። እኔ ወገኔ ባለባጃጁ ነኝ፤ ከቆሰበር እስከ ዳንግላ ሰው ቀርቶ ፈረሱም ስሜን ያውቀዋል። ያላየሁትን አላወራም። እናንተም ልጆች ድንጋዩ ላይ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ይህ ጋሪ እነእንቁ ደጃፍ ላይ ለምን ቆመ አትበሉኝ፤ እደርስበታለሁ።

እንቁን ታውቋታላችሁ፤ ስምንተኛ ክፍል ናት። እናቷ ወርቅአየሁ ከቀርከሃ ወንበርና መደርደሪያ እየሠራች ነው የምታሳድጋት። ያን ቀን እንቁ ሒሳብ እየሠራች ሳለ አከራያቸው ዓባይነህ ደህና ዋላችሁ እንኳ ሳይል ገባ። ቀና ብሎ ኮርኒሱን አየ። በአለንጋው እጀታ መታ መታ አደረገው።

«ጠንካራ ነው» አለ ለራሱ። ከዚያ ወደ ወርቅአየሁ ዞረ። «ኪራዩ በያዝነው ወር መጨረሻ ዓመቱ ይሞላል። ከእንግዲህ አላድስም። ልጄ ከባሕር ዳር ጠቅልሎ ሊመጣ ነው።»

ወርቅአየሁ የምትሰነጥቀውን ቀርከሃ ከእጇ አላስቀመጠችም። «አያ ዓባይነህ፣ ልጅዎ አምናም ሊመጣ ነበር።»

«ዘንድሮ ከነሚስቱ ነው የሚመጣ።»

«ይምጣ፣ ደስ ይለናል። ግን እንቁ ሰኔ ላይ ፈተና አለባት። አሁን ከወጣን መግቢያ ስለሌለን ወደ እናቴ አገር ነው የምንሄድ። ከዚያ ተመላልሳ አትማርም። እስከ ፈተናዋ እንኳ ቢታገሡን...»

«ፈተናው እኔ ቤት ነው እንዴ የሚሰጥ?»

«እኔ ቤት» አለ! ሰማችሁልኝ? የእንቁ እርሳስ እጇ ውስጥ ቀጭ አለ። የስብራቱ ድምፅ አዲስ ቅዳም ድረስ ተሰምቶ ከሰል የጫነ አህያ ደንብሯል፤ አህያውን አውቀዋለሁ።

ቤቱ እኮ ቤት አልነበረም! የዓባይነህ ፈረስ የዳማ ጋጣ ነበር። በሩ ሲከፈት ሽታው ቲሊሊ ላይ ያለ ሰው ያስነጥስ ነበር። ወርቅአየሁ ልትከራየው በመጣች ጊዜ ዓባይነህ «የፈለግሽውን አድርጊው» ብሎ ቁልፉን ወረወረላት። ውሉም በቃል ብቻ ነበር። እናትና ልጅ ፋንድያውን ዛቁ፣ ወለሉን ደለደሉ፣ ጭቃና ጭድ አቡክተው ግድግዳውን መረጉ። ጣሪያው ቀረ። የእኛ አገር ዝናብ ባዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንዴት እንደሚያደርግ ለእናንተ አልነግርም፤ አጠገብህ የተቀመጠን ሰው በእጅ ምልክት ነው የምታናግር። እንቁ ደብተሯን ገልጣ ጆሮዋን ይዛ ትቀመጥ ነበር።

እናቷ ይህን አይታ ቀርከሃ ሰነጠቀች። ክረምቱን ሙሉ እሷ ስትጠልፍ እንቁ ጫፍ ጫፉን ስትይዝ ኮርኒሱ አለቀ። እንቁ መዳፍ ላይ ያለው ጠባሳ ያኔ የወጣ ነው። ኮርኒሱ የተሰቀለ ቀን ዝናቡ ከላይ ሹክሹክታ ሆነ። እንቁም በዚያ ሴሚስተር ከክፍሏ አንደኛ ወጣች። ከክፍሏ አልኩ? ከዞኑ!

እንግዲህ ፍርዱን ስጡኝ። ጋጣ ሆኖ ሲሸት «እንደፈለግሽ»፣ ቤት ሆኖ ሲያምር «የኔ ነው»!

በማግስቱ ምንይችል እንቁን ከክፍል ስትወጣ ጠበቃት። የክፍል ጓደኛዋ ነው፤ አባቱ ደላላ ናቸው።

«የምን ልጅ? የምን ባሕር ዳር? ሙድ ነው የያዘባችሁ» አላት። «አባዬ ነው ያገናኘው። ዓባይነህ ለሌሎች ሰዎች ሊያከራየው ተስማምቷል። ‹ኮርኒስ ያለው ቤት› እየተባለ ነው የተወራለት።»

የተሰነጣጠቀው የእናቷ ጣት እንቁ ፊት ድቅን አለባት። ማታ ማታ ጣቷን ቅቤ ስትቀባ «አያምም» ትላት ነበር።

«እና ምን ላድርግ?»

«ገጀራ ነዋ! አቦ፣ ቆራርጠሽ ጣይው። ፈረሱ ይመለስበት።»

«እማዬ አትፈቅድም።»

«ማን እሷን ጠየቃት?»

እንቁ ያን ቃል ቤት ድረስ ይዛው ሄደች። ገጀራው አልጋ ሥር ነው የሚቀመጥ። አንሥታ ያዘችው። ቀና ብላ ኮርኒሱን አየች። ገጀራውን ከፍ ስታደርግ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ ያን ቀን ርዕደ መሬት ነው ያላችሁት እሱ ነው።

ይሁንና መጀመሪያ እናቷን ነፃ የሕግ ምክር ወደሚሰጥበት ቢሮ ይዛት ሄደች። በማን ባጃጅ? በእኔ! ሽልንግ አልተቀበልኩም! የቢሮዋ ሴትዮ መነጽሯን አስተካክላ ጠየቀች።

«ውሉ ተጽፏል?»

«በቃል ነው» አለች ወርቅአየሁ።

«ስትዋዋሉ ምስክር ነበረ?»

ወርቅአየሁ አሰብ አደረገች። «ፈረሱ ነበረ።»

ሴትዮዋ ሳቀች፤ የእንቁን ፊት ስታይ ግን ሳቋን ተወችው። «በቃል ቢሆንም በድንገት ውጡ ሊላችሁ አይገባም፤ በቂ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። መክሰስ ትችላላችሁ፤ ግን ጊዜ ይወስዳል፣ ያለ ጽሑፍና ያለ ምስክርም ይከብዳችኋል። ሽማግሌ ልካችሁ እስከ ፈተናዋ ጊዜ መጠየቅም አለ። ሠርታችሁ ያስገባችሁትን ነገር ደግሞ ቤቱን ሳትጎዱ ማንሣት ከቻላችሁ የእናንተ ነው ብላችሁ ተከራከሩ።»

«ሳትጎዱ» የምትለዋን ቃል እንቁ ሙጭጭ አድርጋ ያዘቻት።

አሁን ወደ ትልቁ ቀን ደረስን። ትንፋሻችሁን ሰብስቡ! እሑድ ነው። ዓባይነህ ዳማ ላይ ተኮፍሶ አዲሶቹን ተከራዮች ከኋላው አስከትሎ ቤቱን ሊያሳይ መጣ። እናትና ልጅ ገና ሳይወጡ! አልጋው ሳይነሣ! ይህ ሰው ነው? በሩ ላይ ግን እንቁ ቆማለች። በእጇ ገጀራ ይዛለች፤ ገጀራ ስላችሁ ቁመቱ የእኔን ያህላል።

«በሕግ አምላክ!» አለች።

እናንተዬ! ዳማ አንድ እግሩን እንዳነሣ ቀረ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶቡስ ቀጥ አለ። ዝናቡ እንኳ ከሰማይ መንገድ ላይ ቆመ፤ ጠፍቶ የከረመው ኔትወርክ ተመለሰ። ከሰባት ቤት አገው ሦስት መቶ ሽማግሌ ጋቢውን እየሰበሰበ መጣ። እኔ ባጃጄ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ንግግር አደረግሁ። ከንግግሬ የተነሣ ያልተነፋረቀ ሰው አልነበረም። ዓባይነህ ከፈረሱ ወርዶ ትከሻው ላይ ድንጋይ ተሸክሞ «ማሩኝ» አለ! ውሉን ለአርባ ዓመት አደሰ! ዳማንም ለእንቁ መረቀላት! ይኸው ዛሬም እናትና ልጅ እዚሁ ቤት ናቸው፤ ይህ የምታዩት ጋሪም ለዳማ ሣር ጭኖ የመጣ—

«ጋሼ ወገኔ።»

እንቁ በሩ ላይ ቆማለች። ከኋላዋ እናቷ ፍራሽ እየጠቀለለች ነው።

«የኔ ጀግና! ይኸው ስላንቺ እየነገርኳቸው—»

«ሰማሁ» አለች ቀስ ብላ። «በር ላይ ገጀራ አልያዝኩም። ምንም ብዬም አልጮህኩ። እርስዎም ያን እሑድ ዳንግላ ነበሩ።»

«ልቤ ግን እዚህ ነበር!»

«የመጡት ሽማግሌ አንድ ናቸው፤ አባ ገብረ ማርያም። ጋሽ ዓባይነህም ውሉን አላደሱም። እስከ ፈተናዬ ብቻ ቆዩ አሉን። ፈተናው ትናንት አለቀ። ዛሬ እየለቀቅን ነው።»

ልጆቹ ሁሉ ከእኔ ወደ እሷ ዞሩ። ከመካከላቸው አንዷ «ገጀራውስ?» አለቻት።

እንቁ መዳፏ ላይ ያለውን ጠባሳ አሸት አደረገች። «አንድ ቀን አውጥቼው ነበር። መልሼ አልጋ ሥር አስገባሁት። ከቆረጥኩት የእሳቸውም የኔም አይሆን።»

«እና ኮርኒሱ ለእሳቸው ቀረ?»

«እንዳትነኩ ብለውን ነበር። እማዬም እንተወው፣ ሰላም ይሻላል አለች። እንቢ ያልኩ እኔ ነኝ። አባ ገብረ ማርያምን ቤት አስገብቼ ጣሪያውን አሳየኋቸው፤ ከቆርቆሮው ጋር የተያያዘው በገመድ ብቻ እንደሆነ አዩ። ጋሽ ዓባይነህን ጠርተው ‹የሰጠኸው ጋጣ ነው፤ ጋጣ ትረከባለህ። ጭቃው ይቅርልህ› አሏቸው።»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። እሷ አልሳቀችም።

«ከዚያ ከእማዬ ጋር ቋጠሮ በቋጠሮ ፈታነው። አንድም ስንጣቂ አልተሰበረ።»

ዓይኔን ወደ በሩ ወረወርኩ። የተጠቀለለው ቀርከሃ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ከሱ ወዲያ ቤቱ ውስጥ ባዶው ቆርቆሮ ይታያል።

«የት ልትገቡ ነው?» አልኳት።

«ወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ እትዬ ማናለብሽ ግቢ። ጣሪያው እንደዚህ ቆርቆሮ ነው፤ እንሰቅለዋለን። ነገ ውል እንጻጻፋለን። ኮርኒሱ የኛ እንደሆነም ይጻፍ ብያቸው እሺ ብለዋል።» ወደ እናቷ መለስ ብላ አየች። «ምስክር ያስፈልገናል። እማዬ ‹ጋሼ ወገኔን ንገሪያቸው› አለችኝ። ሕግ ምክሩ ጋ በነፃ የወሰዱን እርስዎ ነዎት። ያ እውነት ነው።»

ደረቴ ሲነፋ ሸሚዜ ጠበበኝ። «ማን አለ ከእኔ ሌላ! እኔ አንድ ቃል ከተናገርኩ ዳኛው ራሱ ከወንበሩ ተነሥቶ—»

«ያዩትን ብቻ ነው፣ ጋሼ።»

እንቁ ጎንበስ ብላ የኮርኒሱን አንድ ጫፍ ያዘች፤ በአገጯም ሌላውን ጫፍ አሳየችኝ። ሄጄ አነሣሁት። የበሬ ያህል ይከብዳል ልል ነበር፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ልጆቹ ሁሉ ያዩኛል።

«ቀላል ነው» አልኩ።

«ነገም እንዲህ ይበሉ» አለችና ወደ ጋሪው መራችኝ።