ልጆቿን ትታ የወጣች ጊንጥ

እሑድ ጠዋት ወይዘሮ ሙሉእመቤት ዲላ ፖሊስ ጣቢያ ገባችና ሁለት እጇን አጣምራ ወደ መቶ አለቃ ወንድይፍራው ዘረጋች።

«እሰረኝ» አለችው። «ወንድሜን ገድያለሁ።»

የመቶ አለቃው ጆሮ ቀላ። አመሉ ነው። የሰው ገመና ሲሸተው ጆሮው ይቀላል፤ ከዚያ ቆቡን ያወልቅና ቆቡን እያየ ይጠይቃል እንጂ የሰው ዓይን አያይም። እንዲህ ያለውን ዓይነ አፋር መርማሪ ያደረገው ማን እንደሆነ እንጃ! ደግሞም ቆቡን እያየ የጠየቀው ሰው ዋሽቶት ሲያመልጥ አልታየም።

«ይቀመጡ፣ እትዬ። በምን ገደሏቸው?»

«በጊንጤ። ክዳኗን ሳልገጥም ኪዳን ልሳለም የሄድኩ መሰለኝ። ወጥታ አልጋው ድረስ ሄዳ ነደፈችው።» ጉንጯ ደረቅ ነበር፤ እንባዋ እንኳ አፍሮ የቀረ ይመስላል። «አሁን ሬሳው አጠገብ አትደርሺም ብለው ከግቢ አስወጡኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይቀበራል። አንድ እናት የወለደችን እኮ ነን! እሰረኝ፣ ግን መጀመሪያ ልቅበረው። ወንድሜን አፈር ሳላለብሰው ልቅር?»

ሟቹን ዲላ የማያውቀው የለም። ግራዝማች ገበየሁ ትልቅ የቡና ነጋዴ ነበር። አዲሱ ክሊኒክ ሲመረቅ መድረክ ላይ ቆሞ «ኮሶ የጨለማ ዘመን መድኃኒት ነው፤ ኮሶ የሚጠጣ ሰው በደጄ እንዳያልፍ!» ብሎ ሕዝቡን ያሳቀ ሥልጡን ሰው ነው። እህቱ ሙሉእመቤት ደግሞ ሦስት ባል ፈትታ የመጣች፣ ምላሷ ሚጥሚጣ፣ እንግዳ ሲመጣ «አንቺ ጓሮ ሁኚ» የሚላት ሴት ናት። በዚያ ላይ ከእንሰት ሥር ያገኘቻትን ትልቅ ጥቁር ጊንጥ በሸክላ ድስት ታሳድጋለች። ሰው ድመት ያሳድጋል፤ እሷ ጊንጥ! ቤተሰቡ የሚያፍርበት ነገር ከተቆጠረ ሙሉእመቤት አንደኛ፣ ጊንጧ ሁለተኛ ነበሩ።

ወደ ግራዝማች ቤት ሲሄዱ መቶ አለቃው «ስለ ጊንጧ ይንገሩኝ» አላት።

«ምኗ ይነገራል? ሳገኛት ሆዷ ገፍቶ ነበር፤ እርጉዝ እንዴት ይገደላል? ድስቱ ውስጥ አሸዋ አነጠፍኩ፤ ጨለማ ስለምትወድ የገል ስባሪ ደፋሁላት። ውሃ በጥጥ አርጥቤ አኖርላታለሁ፤ ፌንጣ በእንጨት አቀብላታለሁ። በቀደም ወለደች። እንቁላል እንዳይመስልህ፤ ልጅ ነው የምትወልደው! ነጫጭ፣ የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ። ተንጠላጥለው ጀርባዋ ላይ ወጡ። የመጀመሪያ ቆዳቸውን እስኪጥሉ ከዚያ አይወርዱም። እኔም ከዚያ ወዲህ እጄን አላስገባሁም፤ ከደነገጠች ትበላቸዋለች።»

«ነድፋዎት ታውቃለች?»

«ሁለቴ፣ አውራ ጣቴን። እንደ ንብ ነው፤ ሽንኩርት አሸሁበትና ሥራዬን ቀጠልኩ።» ድንገት ድምጿ ወረደ። «ግን አሁን ወላድ ናት። የወላድ ቁጣ ሌላ ነው ብዬ ነው እኮ…»

ግቢው በለቀስተኛ ተሞልቷል። የሟቹ ሚስት ወይዘሮ አሰፋች የባሏን እህት ከመርማሪው ኋላ ስታይ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎተተች። የአሰፋች ወንድም ሽብሩ፣ የግራዝማችን የቡና መጋዘን የሚያስተዳድረው፣ በሩ ላይ ቆመ።

«ይቺን ሴት ለምን መለሷት? ነፍስ አጥፍታ ደግሞ ልታለቅስ?»

«እጄ ላይ ናቸው፤ የትም አይሄዱም» አለ መቶ አለቃው ቆቡን እያየ። «ማን ነው ያገኛቸው?»

«እኔ» አለች አሰፋች። «ጠዋት ልቀሰቅሰው ስገባ። ጊንጧ አልጋው ሥር ነበረች፤ ሽብሩ በጫማው ጨፈለቃት።»

«ሌሊቱን ከአልጋ አልወረዱም?»

«ከምሽት ጀምሮ አልተነሳም።»

«ገናዦቹስ መጡ?»

«አባ ሠረቀብርሃን አስጠርተዋቸዋል፤ ገና ናቸው። እስካሁን ማንም አልነካውም።»

ማንም አልነካውም የተባለው የግራዝማች ፀጉር እርጥብ ነበር፤ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ያ ድፍን ፊት በአንድ ጊዜ ከስቶ ዓይኑ ጎድጉዷል። መቶ አለቃው እጁን፣ እግሩን፣ አንገቱን አገላብጦ አየ፤ የተነደፈ ቀርቶ የቀላ ቦታ አጣ። አንሶላውን ዳሰሰ። ከሳጥን ሲወጣ የነበረው እጥፋት እንዳለ ነው። ከአልጋው ሥር አንድ እግር ነጠላ ጫማ አለ፤ ጓደኛው የለም። የተጨፈለቀችውን ጊንጥ በወረቀት ሲያነሳት ደግሞ ጅራቷ ላይ አመድ ተቀብቷል።

«ድስቱን ያሳዩኝ፣ እትዬ» ብሎ ጓሮ ወዳለው ክፍሏ ሄደ።

ክዳኑ ከድስቱ ጎን ተጥሏል። ሙሉእመቤት ጎንበስ ብላ አየችና «ውይ!» አለች። ነጫጮቹ ልጆች አሸዋው ላይ ተበታትነዋል፤ አንዳንዱ ይንቀሳቀሳል፣ አብዛኛው ዝም ብሏል። ከራስጌዋ የዶሮ ላባ አነሳችና በላባው ጫፍ እያንከባለለች ወደ እርጥቡ ጥጥ ታስጠጋቸው ጀመር።

«ይተርፋሉ?»

«ያለ እናታቸው? የት ይተርፋሉ! ጀርባዋ ላይ ነው የሚጠነክሩት።» እንባዋ አሁን ገና መጣ፤ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። «አፈርኩ፣ መቶ አለቃ። ወንድሜ ሞቶ ለጊንጥ አለቅሳለሁ። እብድ ሲሉኝ እውነታቸውን ነው።»

«እንዲህ ትታቸው ትሄዳለች?»

«እሷ? ፍንክች አትልም! ብትሄድም ከነልጆቿ ነው እንጂ…» ላባው ከእጇ ወደቀ። ቀና ብላ አየችው። «እንዴ! ማነው ያወጣት?»

«እሱን ገና እንጠይቃለን» አለ መቶ አለቃው። ጆሮው እንደ በርበሬ ቀልቷል።

ማድ ቤት ውስጥ ጸሐይ የምትባለውን ወጥ ቤት አገኛት። ከኮንጋ የመጣች የሚሲዮን አማኝ ናት።

«እኔ ጌታን ተቀብያለሁ፤ ውሸት አልናገርም» አለችው ገና ሳይጠይቃት። «ግን ማንም ካልጠየቀኝ ዝም እላለሁ ብዬ ነበር።»

«እኔ ጠየቅኩሽ። ግራዝማች ትናንት ምን በሉ?»

«ምንም። አርብ ማታም እራት አልበላም። ቅዳሜ በር ዝጉ፣ እንግዳ አታስገቡ አለ። እትዬ ሙሉንም ወናጎ፣ ዘመድ ጥየቂ ብሎ ላካት። ማታ ነው የመጣችው፣ እሷ።»

«የፍም መቆንጠጫውስ? ምድጃው ላይ የለም።»

«ጋሼ ሽብሩ ዛሬ ጠዋት ወሰደ። እስካሁን አልመለሰም።»

«ከዕቃው ውስጥ ሌላ የጎደለ አለ?»

«የእትዬ አሰፋች የቀንድ ዋንጫ የለም። አንድ የቆርቆሮ ኩባያም የለም።»

መቶ አለቃው ሽንት ቤቱን ዞረ፤ ጓደኛ ያጣችው ነጠላ ጫማ ከኋላው ጭቃ ውስጥ ተቀብራ አገኛት። ዋንጫውን ከአሰፋች ጓዳ፣ ከልብስ ሥር አወጣው። ኩባያውን መጋዘን ውስጥ ከቡና ጆንያ ኋላ አገኘው። ከሁለቱም ሥር ቀላ ያለ ዝቃጭ ደርቋል። አንዱን አሸተተ፣ ሌላውን አሸተተ፤ ከዚያ ብዙ ጊዜ መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ቆሞ መሬት መሬቱን አየ። ነገሩ ገብቶታል። ግን እንዲህ ያለውን ነገር ለለቅሶ ቤት እንዴት አድርጎ ይናገረዋል?

ገናዦቹ ሥራቸውን ሳይጀምሩ የቤቱን ሰዎች እልፍኝ ሰበሰባቸው። አሰፋችና ሽብሩ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የግራዝማች የነፍስ አባት አባ ሠረቀብርሃን መቋሚያቸውን ተደግፈዋል። ጸሐይ በሩ ጋ፣ ሙሉእመቤት ደግሞ ከሁሉም ርቃ መሬት ላይ ናት።

«በገመና ስለገባሁ ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ መቶ አለቃው ለቆቡ። «ከጊንጧ ልጀምር። አራስ ናት። አራስ ጊንጥ ልጆቿን በጀርባዋ ይዛ ነው የምትሄደው። ልጆቿ ግን ድስቱ ውስጥ ተበትነው ቀርተዋል። ስለዚህ በእግሯ አልወጣችም፤ ሰው ጅራቷን በፍም መቆንጠጫ ይዞ አነሳት፣ ልጆቿ ከጀርባዋ ረገፉ። አመዱ ጅራቷ ላይ አለ። እትዬ ሙሉእመቤት ኪዳን ላይ ነበሩ። መቆንጠጫውን የወሰዱት አቶ ሽብሩ ናቸው።»

ሽብሩ ዞሮ ጸሐይ ላይ አፈጠጠ።

«ቢነደፉም እንኳ የዚህች ጊንጥ መርዝ ከንብ አይብስም። በገላቸው ላይ ደግሞ የተነደፈ ቦታ የለም። እንግዲህ ጊንጧ አልገደለችም። ግራዝማች አልጋቸው ላይም አልሞቱም። አንሶላው ማንም ያልተኛበት ነው። ገናዦች ሳይመጡ ገላቸው ታጥቧል። አንድ ጫማቸው አልጋ ሥር፣ አንዱ…» ጉሮሮውን ጠረገ። «አንዱ ሽንት ቤቱ ኋላ ነው። የሞቱት እዚያ ነው።»

«አይባልም!» ብላ አሰፋች ጮኸች። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። «እንዲህማ አይባልም! ግራዝማች ገበየሁ ሽንት ቤት ወድቆ ሞተ ይባል? አገር ይሳቅ? ስሙን ላድን ብዬ ነው!»

«የሱን ስም ለማዳን የእህቱን ስም ገደልሽ፣ ልጄ» አሉ አባ ሠረቀብርሃን ቀስ ብለው።

«እሷን ዱሮም እብድ ይሏት የለ?» አለ ሽብሩ። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ምን እንዳለ ገባው፤ ፊቱ ጠቆረ። ሙሉእመቤት ቀና እንኳ አላለችም።

መቶ አለቃው ዋንጫውንና ኩባያውን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠ።

«አርብ ማታ እራት የተወ፣ ቅዳሜ በር ያዘጋ፣ ምላሰኛ እህቱን ወናጎ የሰደደ ሰው ምን ሊጠጣ ነው? ሁላችንም እናውቃለን፤ ያልጠጣ ማን አለ? ግን ግራዝማች ያንን ንግግር ተናግረዋል። ወይዘሮ አሰፋች፣ ዋንጫውን መቼ ሰጧቸው?»

አሰፋች ዋንጫውን አየች። «ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ። ኮሶ ታየኝ፣ ግን ለማንም፣ ለሽብሩም እንዳትነግሪ ብሎ አስማለኝ። ባሌን የገደልኩት እኔ ነኝ፤ አብዝቼበት ነው…»

«ምን?» ሽብሩ ከወንበሩ ተነሳ። «አንቺም ሰጠሽው? ረፋድ ላይ መጋዘን መጥቶ ኮሶ አምጣልኝ አለኝ እኮ! ለአሰፋች ብትነግር ወየውልህ አለኝ! እኔ ነኝ የገደልኩት ብዬ ሌሊቱን ሙሉ…»

እህትና ወንድም ተያዩ። ሬሳውን አብረው ተሸክመዋል፣ አብረው አጥበዋል፣ አብረው ዋሽተዋል፤ ሆኖም እያንዳንዳቸው ገዳዩ እኔ ብቻ ነኝ ብለው ዋንጫቸውን አንዱ ከሌላው ደብቀው ነበር።

«አንዱ አልሻር ሲላቸው ሌላ ደረቡ» አለ መቶ አለቃው። «ለሚስታቸው ጠጥቻለሁ፣ አልሻረኝም ቢሏቸው ኖሮ ሁለተኛውን ባልጠጡ። ለአቶ ሽብሩ ጎህ ሲቀድ ጠጥቻለሁ ቢሉ እሳቸውም ባልሰጧቸው። ቀኑን ሙሉ ሲያስመልሳቸውና ሲያስቀምጣቸው ውሎ፣ ሐኪም ጥሩልኝ ለማለት እንኳ አፈሩ። የገደላቸው ሰው የለም።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አሉ አባ ሠረቀብርሃን።

«በሐሰት ሰው ስለወነጀላችሁ ግን ነገ ጣቢያ ትመጣላችሁ» አለ መቶ አለቃው ለአሰፋችና ለሽብሩ።

ውጪ ለቅሶው ጋብ ብሏል፤ ሰዉ ሬሳው እስኪወጣ ይጠብቃል። አሰፋች በጉልበቷ እየዳኸች ወደ ባሏ እህት ቀረበች።

«ሙሌ… እነዚያ ሁሉ ሰዎች… ምን እንበላቸው?»

«እኔ ነኝ የገደልኩት ብዬ እንድወጣ ነው የምትፈልጊው?»

አሰፋች አዎ ልትል ከንፈሯን ከፈተች። የምትለው ነገር ለራሷ ተሰማትና ግንባሯን መሬት ላይ ደፋች። ሽብሩ ወደ ግድግዳ ዞረ። መቶ አለቃ ወንድይፍራው እንኳ ቆቡን አላየም፤ ዓይኑን ጨፍኗል።

ሙሉእመቤት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፤ በሩን ከፍታ ለቀስተኛው መሃል ገባች። ሰዉ «ገዳይቱ መጣች!» እያለ ገለል ሲልላት ደረቷን መታች፤ ድምጿን ለቀቀችው፦

«ኮሶ ታየኝ ብሎ ለመናገር አፍሮ፣
ወንድሜ ሞተብኝ ሆዱን ቆልፎ አስሮ።»

የሳቀ ሰው አልነበረም። ከፊት የቆሙት ሽማግሌዎች፣ ያን ቀን ንግግሩን ሰምተው ያጨበጨቡት ሁሉ፣ አንገታቸውን ደፉ። በየቤታቸው በር ዘግተው የሚጠጡት ራሳቸው ናቸውና።

አሰፋች ፊቷን ገልጣ ወጣች። ሙሉእመቤት አጠገብ ቆመች። «ዋንጫውን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለች ለሰው ሁሉ፣ ድምጿ እየተሰበረ። «እሷ ምንም አላደረገችም። ያሰደብኳት እኔ ነኝ።» ሙሉእመቤት አላቀፈቻትም፤ ከጎኗም አላባረረቻትም። ሁለቱ ሴቶች እየተቀባበሉ አለቀሱለት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሬሳው ወጣ። ሙሉእመቤት ከሳጥኑ ኋላ፣ ለእህት በሚገባው ቦታ ሄደች። ወንዶቹ ለሽብሩ መሸከሚያ ቦታ ተዉለት፤ ሽብሩ ግን እጁን አይቶ ወደ ኋላ ቀረ። ሰዉ ሁሉ ካለፈው በኋላ ብቻውን ተከተለ፤ መቃብር ሲደርሱም ከቅጥሩ ውጪ ቆሞ ቀረ። ማንም ግባ አላለውም፤ ሂድም አላለውም።