የስቶክሆልሙ ሐኪም

አሰጋሽ ከገላን ኮንዶሚኒየም ደረጃ ሥር ወድቃ ስትገኝ፣ አስከሬኗ ገና ሳይነሣ ፍርዱ ወጥቶ ነበር። «አእምሮዋ ልክ አልነበረም፤ ራሷን ወረወረች» ያለው ባሏ ካሳሁን ነው። ጎረቤቱም እንደ ለቅሶ ቤት ንፍሮ እየተቀባበለ አዳረሰው።

እናቷ ወይዘሮ ወርቅውሃ መርማሪዋን ሐጀራን እጇን ይዘው አስቆሟት።

«ልጄ፣ አባ ገብረጻድቅ ራሷን ካጠፋች ፍትሐት የለም ብለዋል። ነገ አስከሬኗ ከምርመራ ሲመለስ ልጄ ያለ ጸሎት ጉድጓድ ልትገባ ነው። እውነቱን ብቻ ንገሪኝ።»

ሐጀራ ማጽናናት አታውቅበትም። ቀና ብላ ደረጃውን አየች። በዚያ ብሎክ ውኃ በቧንቧ ፎቅ መውጣት ካቆመ ቆይቷል፤ ሰው ተሸክሞ ያወጣዋል። ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ከአጭሩ መደገፊያ ብረት አጠገብ፣ አንድ ጀሪካን ተጋድሞ ውኃው ገና ይንጠባጠባል።

አራተኛ ፎቅ፣ ከነካሳሁን ቤት፣ ሟቿ ለአእምሮዋ የምትወስደው መድኃኒት እንዳለ ጠየቀች። ካሳሁን በርጩማ ላይ ወጥቶ ከቁም ሳጥኑ አናት የሽሮ ጣሳ አወረደ። ክኒኖቹ ከሽሮው ውስጥ በፌስታል ተጠቅልለዋል።

«ከሰው ዓይን ነው» አለ። «እናቷ እንኳ አያውቁም። እዚህ ሰፈር የእብድ ባል ከሚሉህ ሌባ ቢሉህ ይሻላል።»

ክኒኖቹ ከተገዙ ወዲህ አንድም አልጎደለም። ለምን እንዳቆመች ስትጠይቀው ፌስቡክ ላይ አንድ ዶክተር መክሯት መሰለኝ አለ፤ እሱ እዚያ ነገር ውስጥ እንደሌለበት ሳይጠየቅ ጨመረ።

የፌስቡኩ ቡድን «ብሩህ አእምሮ» ይባላል። አስተዳዳሪው ዘካሪያስ ሳሪስ ላይ ሞባይል ይጠግናል፤ ስክሪን ሲሰበር እንደሚያለቅስ፣ ሰው ሲሰበር እንደማያለቅስ ለሐጀራ ወዲያው ገባት። ጽሑፎቹን ከፍቶ አሳያት። አሰጋሽ ልጅ መውለድ እፈልጋለሁ፣ መድኃኒቱ ግን ለጽንስ ይጎዳል ይባላል ብላ ጠይቃለች። ሳሪስ አቦ መድኃኒት ቤት የምትሠራው ሰልዋ መልሳላታለች፤ ጉዳቱ እውነት ነው፣ ሆኖም በድንገት አይቆምም፣ ከማርገዝሽ በፊት ሐኪምሽ ቀስ እያለ ይቀይርልሽ። ይህን ያነበበ ሰው እንጂ የወደደ አልነበረም። ቀጥሎ በረዶ ላይ ነጭ ጋውን ለብሶ የቆመ «ዶክተር ናሆም፣ ስቶክሆልም» መጣና መርዙን ዛሬውኑ ተይው አላት። ልብና ጭብጨባ ዘነበ። ሰልዋ «ክኒን ቸርቻሪ» ተብላ ተባረረች።

«ሐኪም መሆኑን በምን አወቅህ?»

«ማዳመጫው አንገቱ ላይ አለ እኮ» አለ ዘካሪያስ። «ደግሞ ቡድኑ እንደዚያ ሞቆ አያውቅም።»

ሐጀራ ወደ ላይ እየገፋች አነበበች። መንግሥት ለፈተና ብሎ ኢንተርኔት በዘጋበት ሰሞን ስቶክሆልምም ጭጭ ብላለች። ሲከፈት ዶክተሩ ተመልሶ «ይቅርታ፣ ኔትወርክ አስቸግሮኝ ነው» ብሏል።

በማግስቱ አስከሬኑ ሲደርስ ሁሉንም የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አባ ገብረጻድቅ መስቀላቸውን ጨብጠው ዳር ተቀመጡ።

«ሞት የቆረጠ ሰው» አለች ሐጀራ፣ «ሙሉ ጀሪካን ተሸክሞ ሦስት ፎቅ አይወጣም። አስከሬኗን የመረመረው ሐኪም ምላሷ ክፉኛ ተነክሶ አግኝቶታል። ሰልዋ፣ ይህ መድኃኒት በአንድ ጊዜ ሲቆም ምን ያመጣል?»

«እንደሚጥል በሽታ አንዘፍዝፎ ይጥላል። ከዚያ በፊት ጥሎት የማያውቅን ሰው እንኳ ሊጥለው ይችላል» አለች ሰልዋ። «ይህንንም ጽፌላት ነበር። አጠፉብኝ።»

«አንዘፍዝፎ ጣላት፤ የደረጃው ብረት ደግሞ አጭር ነው። ራሷን አልወረወረችም። መድኃኒቷን ያስቆማት ዶክተር ደግሞ የአገራችን ኢንተርኔት ሲዘጋ አብሮ የሚዘጋ ዶክተር ነው። አሁን ሁላችሁም ንገሩኝ፤ መድኃኒቷን የት ነበር የምታስቀምጠው?»

ዘካሪያስ መሳቢያ ውስጥ ይሆናል አለ። ሰልዋ ከመሸጥ በቀር እንደማታውቅ ተናገረች። ወይዘሮ ወርቅውሃ ልጃቸው መድኃኒት መውሰዷን የሰሙት ገና አሁን ነው። ካሳሁን መሬት መሬት አየ።

ሐጀራ የሟቿን ስልክ አወጣች። ዶክተሩ በውስጥ መስመር የላከውን አነበበች፦ «ከዛሬ ጀምሮ ያን የሽሮ ጣሳ እንዳትነኪው።»

«ስቶክሆልም ሆኖ ጣሳችሁን ያየ ምን ዓይነት ሐኪም ነው፣ ካሳሁን?»

«ልጅ ፈልጌ ነው» አለ። «እኔ ብነግራት እምቢ ትላለች። ዶክተር ሲላት ትሰማለች።»

«ራሷን ወረወረች ያልከውስ? እሱም ለልጅ ነው?»

ነገሩ እንዳይነቃበት ሚስቱን ያለ ፍትሐት ሊቀብራት እንደነበር ድንኳኑ በሙሉ ገባው።

አባ ገብረጻድቅ ተነሡ። «ፍትሐቷ ይፈታል» አሉ።

ወይዘሮ ወርቅውሃ ግን ከወንበራቸው አልተንቀሳቀሱም። «አባ፣ እርስዎም ሰሙ፤ እግዜርም ያውቃል። ሰፈሩ ግን የሰማው ከዚህ ሰው አፍ ነው። የእድሩን ጥሩምባ ስጡት።»

ሕጉ ይህን አይፈቅድም። ሐጀራ ካቴናውን ከወገቧ ፈትታ እጇ ላይ ያዘችና ጥቂት ለመዘግየት ወሰነች።

ካሳሁን ጥሩምባውን እየነፋ ከብሎክ ብሎክ ዞረ። «አሰጋሽ ራሷን አላጠፋችም! ያታለልኳት እኔ ነኝ!» በየበረንዳው ሰው ወጣ፤ ስልክ ሁሉ ተደግኖ ይቀርጻል። ዘካሪያስም ይቀርጻል።

ሦስተኛው ብሎክ ላይ ድምፁ ሰለለ። ወይዘሮ ወርቅውሃ በሰልዋ ትከሻ ተደግፈው ከኋላው ደረሱ።

«አልተሰማም» አሉት። «ድገመው።»