የቀለበቱ መሃል

ዳምጠው ጠማማ ነገር አይወድም። ለቅሶ ቤት ሄዶ እንኳ አግዳሚ ወንበሩ ከግድግዳው ጋር እኩል ካልሆነለት፣ «እግዜር ያጽናችሁ» ከማለቱ በፊት በጉልበቱ ገፋ ገፋ አድርጎ ያስተካክለዋል። የሠፈሩ ሰውም ይህን ስለሚያውቅ ድንኳን ሲተከል ምሰሶው ቀጥ ማለቱን እንዲያይ ሳይጠራው አይቀርም፤ ከዚያ ደግሞ ዞር ብሎ ይስቅበታል። ሚስቱ የሳሎኗን መጋረጃ እንደ ልቧ መሰብሰብ ካቆመች ቆይታለች። እንዲህ ያለው ሰው እንጀራውን የሚበላው ደግሞ፣ ልክ ነገር በሚፈለግበት ቦታ መሆኑ አይገርምም፤ ገላን ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ የብረታ ብረት ድርጅት፣ ብረት በሌዘር ጨረር የሚቆርጠው ትልቁ ማሽን ላይ ነው የሚሠራው።

ጠዋት ጠዋት ሥራው አንድ ዓይነት ነው። አዳራሹ ገና ቀዝቃዛ ሳለ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ በፀሐይ መንቃቃት ሲጀምር፣ ማቀዝቀዣው ውሃውን እያዘዋወረ እንደ ንብ ቀፎ እምምም ሲል፣ ዳምጠው ትንሽ ነጭ ካርቶን ቆርጦ ከጨረሩ አፍ በታች ያስቀምጣል፤ የማሽኑን የብረት በር ይዘጋል፤ ባለ ገመዱን ማዘዣ ይዞ አንዴ ይተኩሳል። ጭርቅ ትላለች፤ የተቃጠለ ወረቀት ሽታ ሽው ይላል፤ አለቀ። ጨረሩን ማንም አያየውም። ብረት ሲቆረጥ የሚታየው ፍንጣሪ የብረቱ እንጂ የጨረሩ አይደለም፤ ዓይን የማይደርስበት ዓይነት ብርሃን ነውና፣ ደህና መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ካቃጠለው ነገር ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ዳምጠው፣ የማሽኑ የውስጥ ካሜራ ፎቶ አንሥቶ ወደ ኮምፒውተሩ ቢልክም፣ ካርቶኑን አውጥቶ በማጉያ መስታወት ያየዋል፤ አይቶም ግድግዳው ላይ በተርታ ይለጥፈዋል። ተርታው፣ መቼም መናገርም አያስፈልግ፣ በገመድ የተሰመረ ነው።

«ጋሼ፣ ማንም የማያየው መብራት ግን ለማን ነው የሚበራው?» ትለዋለች ዙፋን።

ዙፋን የሚቆረጠውን ቅርጽ በኮምፒውተር የምትስለው ልጅ ናት። ጠረጴዛዋ ከማሽኑ ፊት ለፊት ነው፤ ማስቲካ ከአፏ አይለይም፤ ስትስቅም፣ ስታኮርፍም፣ ስልክ ስታወራም ታኝካለች። አዳራሹ ጸጥ ሲል የሚሰማው የማቀዝቀዣው እምምታና የእሷ ጧ ጧ ብቻ ነው።

«ለብረቱ» ይላታል።

«ብረት ዓይን አለው?»

«አንቺስ አለሽ፤ ምን አየሽበት?»

ነገሩ የጀመረው ወፍራም ብረት የመጣ ሰሞን ነው። ለስሱ ብረት ጨረሩ አንዲት ነጥብ ሆኖ ቢወርድ ይበቃዋል፤ ወፍራሙ ግን ነጥቧ ብቻዋን ስትወርድበት ጠርዙ እንደ ተነከሰ ዳቦ ይቦጫጨቃል። ጨረሩን መቅረጽ ያስፈልጋል፤ መሃል ላይ ነጥብ፣ በነጥቧ ዙሪያ የብርሃን ቀለበት፤ ቀለበቱ ብረቱን እያሞቀ ነጥቧ ትበሳዋለች። ዋናው ቁም ነገር ነጥቧ ከቀለበቱ ትክክለኛ መሃል መግባቷ ነው። ዳምጠው አዲሱን ቅርጽ አስገብቶ ተኮሰ። ካርቶኑ ላይ ቡናማ ቀለበት ወጣ፤ በውስጡ ጥቁር ነጥብ። ነጥቧ ግን መሃል አልነበረችም፤ ወደ ቀኝ ተጠግታለች።

«ትገቢያለሽ፤ የት አባሽ ልትሄጂ» አላት።

ቀጭኗን መፍቻ ይዞ ጨረሩን የሚያቃናውን ብሎን አዞረና ተኮሰ። አሁንም ቀኝ። ከምሳ ሲመለስ የዕቃ ማንሻው መኪና ቦታውን ስለያዘበት ከማሽኑ በግራ በኩል ቆሞ ተኮሰ። ነጥቧ ወደ ግራ ዞራለች። የጨረሩን መከላከያ መስታወት ፈትቶ ወለወለው፤ በአዲስ ቀየረው፤ ያው ናት፤ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ፣ ከመሃል በቀር የትም። ማታ እራቱን ሳይጨርስ ተነሥቶ የአባቱን ፎቶ አቃና። ፎቶው ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ ቀጥ ብሎ የሚያይ፣ እንግዳ የትም ይቀመጥ የት እሱን ብቻ የሚያይ የሚመስል ፎቶ ነው።

«ዛሬ ደግሞ የማን ምሰሶ ተንጋዶ ነው?» አለችው ሚስቱ።

በማግስቱ ያስተዋለችው ዙፋን ናት። ከካርቶኖቹ ፊት ቆማ እያኘከች አየቻቸው፣ አየቻቸውና፣ «ጋሼ፣ ይቺ ነገር ወዳሃለች» አለች።

«ምኗ?»

«አንተ የቆምክበትን ነው የምታየው። ይሄኛው በሩ ጋ ሆነህ የተኮስከው፤ ወደ በሩ። ይሄ ከመስኮቱ በኩል፤ ወደ መስኮቱ። አግብቻለሁ በላት እንጂ፣ ኋላ ሚስትህ ትሰማለች።»

ሳቀ። እስክትወጣ ጠብቆ ግን ሞከረው። ከማሽኑ ኋላ ሆኖ ተኮሰ፤ ነጥቧ ወደ ኋላ። ገመዱ እስከሚደርስለት ርቆ ከጥጉ ሆኖ ተኮሰ፤ ወደ ጥጉ። ካርቶኑን በእጁ ይዞ ቆየ፤ ቀለበትና ነጥብ፣ ቀለበትና ነጥብ፤ ያን ሁለቱ አንድ ላይ የሚመስሉትን ነገር ግን በልቡም ቢሆን በስሙ ሊጠራው አልደፈረም። ከዚያ ወዲያ አዳራሹ ያው አዳራሽ አልሆነለትም። የወረቀቱ ሽታ ውስጥ ሌላ ሽታ ገባ፤ ቄራ አጠገብ ነፋስ ሲዞር እንደሚመጣው፣ ቀንድ ሲለበለብ የሚሸተው ዓይነት። ማቀዝቀዣውም፣ ዳምጠው ቆሞ ሲሠራ እምምም ይላል፤ ሲራመድ ዝም ይላል፤ ሲቆም መልሶ ይጀምራል፤ የእግሩን ኮቴ ለመስማት ትንፋሹን የሚሰበስብ ሰው ይመስል። ጀርባውን ለማሽኑ በሰጠ ቁጥር ማጅራቱ ላይ የሆነ ነገር ይከብደዋል፤ እጁን ቢሰድ ምንም የለም። በሩ ቢዘጋ፣ ማብሪያው ቢጠፋ፣ ክብደቱ አይነሣም።

አንድ ቀን ዙፋን የተቆረጠ ብረት ለመለካት መጥታ ከጎኑ፣ ወደ ማሽኑ ቀረብ ብላ ቆመች። ዳምጠው ሳያስበው ተኮሰ። ነጥቧ ወደ እሱ አልነበረም። ካርቶኑን በጡጫው ውስጥ ጨመደደው።

«ምነው ጋሼ? ከዳችህ እንዴ?» ብላ ሳቀች።

«ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ።» እንዲህ ብሎ ተቆጥቷት አያውቅም። ማጅራቱ ግን ለዚያች ቅጽበት ቀሎት እንደነበር ያወቀው እሷ ከሄደች በኋላ ነው፤ አፈረም፣ ፈራም።

የድርጅቱ ባለቤት ወይዘሮ ንግሥት ከላይ ካለው ቢሯቸው ወርደው የተቦጫጨቀውን ጠርዝ በጣታቸው ዳሰሱት።

«ዳምጠው፣ አንተ እኮ የፀጉር ስንጣቂ የምታይ ሰው ነህ። ምን ነካህ?»

«ማሽኑ... ትንሽ ጊዜ ቢሰጡኝ፣ እትዬ።»

«ደክሞህ ከሆነ አልፈርድብህም። ዙፋንም ሥልጠናውን ወስዳለች፤ ነገ አልገባ ካለህ ከነገ ወዲያ እሷ ትያዘው። መሃል የገባች ደቂቃ ፎቶውን እንዳየው ብቻ።»

ዙፋን ከጠረጴዛዋ ሆና እንደ ወታደር ሰላምታ ሰጠች። ዳምጠው መፍቻውን መሬት ጣለው።

በዚያው ቀን ከሥራ እንደወጣ አቃቂ፣ ጋሽ ምናሴ ቤት ሄደ። ማሽኑን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ ወፍራም ብረት አምና መጥቶ ቀለበቱን መጀመሪያ የሞከሩትም እሳቸው ነበሩ፤ ከዚያ አንድ ቀን «ዓይኔን አመመኝ» ብለው ወጡ፣ አልተመለሱም፣ ብረቱም ሳይቆረጥ ተመለሰ። በሩን የከፈቱለት ሚስታቸው እትዬ አስናቀች ፈገግ ለማለት ሞከሩ። ሳሎኑ ገና ፀሐይ ሳለ ጨለምለም ብሏል። የግድግዳው ሰዓት ፊት ላይ ጋዜጣ ተለጥፏል። ጋሽ ምናሴ ወደ ግድግዳ ዞረው ተቀምጠዋል፤ የኮታቸው ቁልፎች በሙሉ ተበጥሰው ኮቱ በሲባጎ ታስሯል።

«የእኔንም ቀሚስ ቁልፍ ቆረጡብኝ» አሉ ሴትዮዋ በሹክሹክታ። «ክብ ነገር አያሳየኝ ብለው።»

«ዳምጠው ነህ?» አሉ ጋሽ ምናሴ ሳይዞሩ። «መሃል ገባ?»

«ገና ነው፣ ጋሼ።»

«ተመስገን።» ትንፋሻቸው ሲወጣ ተሰማ። «ተወው ይንጋደድ። እኔ ጥዬ የወጣሁት ፀጉር ታህል ሲቀረው ነው።»

«ቢገባ ምን ይሆናል?»

ጋሽ ምናሴ የኮታቸውን ሲባጎ አጠበቁ። «እስኪገባ ድረስ የሚያየውን ሰው እየፈለገ ነው» አሉ።

በማግስቱ ዳምጠው በሕይወቱ ሠርቶ የማያውቀውን ሥራ ሠራ፤ ሆን ብሎ አጣመመ። ብሎኑን እስከ መጨረሻው አዞረው፤ ነጥቧ ከቀለበቱ ጠርዝ ላይ ተለጠፈች። የሰው ምሰሶ ሲያቃና የኖረ ሰው እንዲህ ያለውን ጠማማ በገዛ እጁ ሲሠራ መፍቻውን ሁለቴ አስቀምጦ ሁለቴ አነሣ። ማንም ቢሞክራት አንድ ሳምንት አትገባም፤ እስከዚያ ብረቱ ይመለሳል፤ ዙፋንም ትተርፋለች። ከሥራ መልስ መንገዱን ሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏጨ።

ሲነጋ ከሁሉም ቀድሞ ገባና ካርቶን አስቀምጦ ተኮሰ። ነጥቧ ራሷን አቃንታለች። ማንም ሳይነካት፣ ከጠርዝ ተነሥታ፣ ከመሃል ፀጉር ታህል ብቻ ቀርቷታል። ዳምጠው ያቺን ትንሽ ዝንባሌ በማጉያው ተከተላት። ወደ እሱ አይደለም። ካርቶኑን እንደነበረበት አስቀምጦ በጣቱ አቅጣጫዋን ጠቆመ፤ ጣቱ ያረፈው ባዶ ወንበር ላይ፣ የዙፋን ወንበር ላይ ነው። ያን ጊዜ ከውጭ የዘበኛው «እንዴት አደርሽ» ተሰማ፣ ከዚያ ሳቅ፣ ከዚያ ወደ በሩ እየቀረበ የሚመጣ ጧ ጧ።

«ዙፊ፣ ወንበርሽን አዙሪው። ግድግዳውን እያየሽ ተቀመጪ።»

«እንዴ! ተማሪ ነኝ እንዴ?»

«በማርያም ይዤሻለሁ። እኔ በቃ እስክልሽ እንዳትዞሪ። ኮምፒውተሩንም እንዳታዪው።»

ፊቱን አይታ ቀልዷን ዋጠችና ዞረች። ማኘኳን ግን አላቆመችም፤ ዳምጠውም ያ ድምፅ ከኋላው መኖሩ ደስ አለው። እንግዲህ አንድ ሰው ማግኘቱ ካልቀረ፣ የሚያገኘው እኔን ይሁን አለ በልቡ። ከማሽኑ ጋር ደረቱ እስኪነካካ ተጠጋ፤ በእሱና በወንበሯ መካከል ምንም እንዳይቀር ትከሻውን ዘረጋ። ብሎኑን የእስትንፋስ ያህል አዞረ። በሩን ዘጋ። ወዲህ፣ ወደ እኔ፣ እያለ ተኮሰ።

ጭርቅ።

ማቀዝቀዣው ዝም አለ። ጣሪያው መንቃቃቱን ተወ። ዳምጠው ካርቶኑን አወጣ። ነጥቧ መሃል ነበረች። በሕይወቱ ሙሉ፣ ምሰሶም ይሁን ፎቶ፣ እንዲህ ያለ ልክ ነገር አይቶ አያውቅም፤ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ሳትል ከካርቶኑ ውስጥ ቀጥ ብላ ወደ ላይ ወደ እሱ አየችው። እሱም አያት። ጠበቀ። የቀንዱ ሽታ መጣ፣ አለፈ። ከዚያ እምምታው ተመለሰ፤ ከማጅራቱ ላይ ደግሞ ስንት ሳምንት የተሸከመው ክብደት እንደ ፎጣ ተነሣለት። ምንም አልሆነም። ካርቶኑን ቦጫጭቆ ኪሱ ከተተ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ።

«በቃ» አላት። «ዙሪ። ተገላገልን።»

ዙፋን ዞራ ሳቀችበት። «እያለቀስክ ነው? ሙች፣ አላየሁም እሺ፤ ኮምፒውተሩንም አላየሁም። ገባች አይደል?»

«ገባች።»

«አውቄያለሁ! ወይዘሮ ንግሥት እንደገባች ልያት ስላሉ፣ ትናንት የማሽኑን ካሜራ ነጥቧ መሃል ስትገባ ፎቶውን ራሱ በሠራተኞቹ ቴሌግራም እንዲልክ አድርጌዋለሁ። ይሄኔ ለሁሉም ደርሷል።»

ዳምጠው የሳሎኑ ፎቶ ትዝ አለው፤ የትም ቢቀመጡ እያንዳንዱን እንግዳ የሚያየው፣ ቀጥ ብሎ ስለሚያይ ነው። ማጅራቱ የቀለለው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው፤ መሃል የገባችው ነጥብ ከእሱ አልፋ ፎቶዋን የሚያየውን ሁሉ ታያለች።

ከላይ፣ ከወይዘሮ ንግሥት ቢሮ፣ አንድ ነገር ጣውላው ላይ ወደቀ፤ ቀላል፣ ጠፍጣፋ ነገር። ቀጥሎ ከውጭ፣ ከዘበኛው ቤት በኩል፣ ድንጋይ ላይ የሚሰበር የመስታወት ድምፅ መጣ። የዕቃ ማንሻው መኪና ሞተር ግቢው መሃል ቀጥ አለ፤ ሹፌሩን የሚጠራው ሰው ድምፅ እኩል ላይ ተቆረጠ። የዙፋን ኪስ ውስጥ ስልኳ ተንቀጠቀጠ።

«እስቲ እኔም ልያት፣ ይቺን የሚስትህን ጣውንት» አለች ስልኳን እያወጣች።

ዳምጠው እጁን ዘርግቶ ሮጠ፤ በመካከላቸው የነበረው ጠረጴዛ ብቻ ነበር፣ እሱም ሳይደርስ፣ ዙፋን ማስቲካዋን ማኘክ አቆመች።