ከኢንጂነሩ ፎቶ ኋላ

አለንጋው ከሰልፉ አጠገብ መሬቱን ሲሾጥጠው ሞጂሶላ ደንግጣ የአክስቷን ጀርባ ጨመደደች።

«አትንቀዥቀዢ!» አሉ አክስቷ ሳይዞሩ። «ትልቅ ሴት እንዲህ አትዘልም።»

ትልቅ ሴት! ሞጂሶላ ገና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ቁመቷ ግን ከክፍሏ ወንዶች ሁሉ ይበልጣል፤ ጣጣውን ያመጣባትም እሱ ነው። ጠዋት አክስቷ የራሳቸውን ሽርጥ አስታጥቀው፣ ትልቅ ሻሽ አናቷ ላይ ቆልለው፣ ወደ ገዛ ትምህርት ቤቷ ግቢ እየነዱ አመጧት። ሌሎች ስድስት ተማሪዎችም እንደ እሷ ባለትዳር መስለው ተሰልፈዋል። ከኋላዋ የቆመችው ጓደኛዋ ቢሊኪሱ ጭራሽ የጎረቤት ሕፃን አዝላ ነው የመጣችው። ሕፃኑ አንገቷ ላይ ለሃጩን እያዝረከረከ ተኝቷል።

ፓርቲው የፕሬዚዳንት ዕጩውን የሚመርጥበት ቀን ነው። የድምፅ መስጫ ወረቀት የለም። የኢንጂነሩ ፎቶ ማንጎው ዛፍ ላይ፣ የተቀናቃኙ የዶክተሩ ደግሞ ባንዲራ መስቀያው ላይ ተለጥፏል፤ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው አባል የወደደው ሰው ፎቶ ኋላ ሄዶ ይቆማል፣ ይቆጠራል፣ አለቀ። ረጅሙ ሰልፍ ቀበሌውን ይወስዳል። ውጤቱ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ግዛት እየወጣ መጨረሻ ላይ ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደረው ሰው ይለያል። ማን የት እንደቆመ ግን አገር ምድሩ ያያል። ሌኬም ያያል።

ባለ አለንጋው ሌኬ የገበያው አለቃ ቅልብ ጉልቤ ነው። አለቃው የኢንጂነሩ ደጋፊ ስለሆነ ለነጋዴዎቹ ሴቶች ቁርጥ ያለ መልእክት ልኮባቸዋል፦ ኢንጂነሩ በዚህ ቀበሌ ከተሸነፈ መደባችሁን እርሱት። የሞጂሶላ እናት ከሞተች ወዲህ አክስትና ልጅ ጦም የማያድሩት በዚያ የበርበሬ መደብ ነው።

ከዶክተሩ ሰልፍ አንድ አናጢ ገና በማለዳ በጠርሙስ ተፈንክቶ በሰው ትከሻ ወጥቷል። ደሙ ባንዲራ መስቀያው ሥር አልደረቀም። እንዲያም ሆኖ ሰማንያ አራት ሰው ከዚያ ንቅንቅ አላለም።

«በአምስት ሰው እንበልጣቸዋለን» እያሉ ሴቶቹ ያንሾካሹካሉ። ሰባቱ ልጃገረዶች ባይቆጠሩ ግን በሁለት እንደሚበለጡ ያነሳ የለም።

ቆጣሪው የሒሳብ አስተማሪው ቲቸር አዴቶላ ናቸው። ሁለቱም ወገኖች በእሳቸው የተስማሙት የየትኛውም ፓርቲ አባል ስላልሆኑ ነው። የእያንዳንዱን ሰው ትከሻ እየነኩ መጡ። አክስቷን ነኩና «ስልሳ አንድ» አሉ።

ከዚያ ሞጂሶላ ፊት ቆሙ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ምነው ቆምክ?» አለ ሌኬ።

«ይቺ ተማሪዬ ናት።»

«ሚስቴ ናት!» ጓደኞቹ አውካኩ። «ቁጠራት።»

«አልቆጥርም።»

አለንጋው ፊታቸው ላይ አረፈ። መነጽራቸው ተፈናጥሮ ወደቀ፤ ሌኬ በጫማው ረግጦ አደቀቀው። ቀና ሊሉ ሲሞክሩ ጎናቸውን በእርግጫ አላቸው። ሞጂሶላ የአጥንት ድምፅ የሰማች መሰላት። ከዶክተሩ ሰልፍ ጥቂት ወንዶች ሲንደረደሩ የሌኬ ጓደኞች ገጀራ መዘዙ። ወንዶቹ ባሉበት ቆሙ። የቢሊኪሱ ሕፃን ነቅቶ ያለቅስ ጀመር።

«እሺ፣ ራሷ ትናገር» አለ ሌኬ እየሳቀ። «እመቤቴ፣ ስንት ዓመትሽ ነው?»

አክስቷ እጇን ቆንጥጠው ያዙ። «ሃያ በይ» አሉ በሹክሹክታ። «ሃያ በይና እንገላገል።»

«ልጅቷን ተዋት!» አሉ ቲቸር ከመሬት። ከቅንድባቸው የሚወርደው ደም አፋቸው ውስጥ ይገባል። «የቆጠራው ኃላፊ እኔ ነኝ። የምትመታ ከሆነ እኔን ምታ።»

ሞጂሶላ እጇን ከአክስቷ አስለቀቀች። ቲቸር ለእሷ ሲሉ ደግመው ሊደበደቡ ነው፤ እሷ ደግሞ በሰው ሽርጥ ተጀቡና ዝም ብላ ልታይ።

«አሥራ አምስት» አለች።

«ምን አልሽ?»

«አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። አልቆጠርም።» ከሰልፉ ወጣች።

አለንጋው ትከሻዋ ላይ እንደ እሳት ለበለባት። ጮኸች፤ ወደ ሰልፉ ግን አልተመለሰችም። ሌኬ ለሁለተኛው ሲያነሳ አለንጋው አልመጣም። ዞር ብላ አየች። አክስቷ ጫፉን በሁለት እጃቸው ጠቅልለው ይዘዋል።

«ሰልፍህ ላይ ቁም አልከኝ፤ ቆሜልሃለሁ» አሉ። «ልጄን ግን አትገርፍም።»

«ልቀቂ፣ አሮጊት!»

«አልለቅም! ከፈለግህ እኔንም ግረፈኝ። ከዚያ ማን ከፎቶህ ኋላ እንደሚቆምልህ እናያለን።»

ከኋላቸው ያሉት ሴቶች ሻሻቸውን እያጠበቁ ተጠጉ። ቲማቲም ሻጯ አንድ እግሯን ከሰልፉ አውጥታ ሌኬን ትክ ብላ አየችው። ሌኬ የሴቶቹን ሰልፍ እስከ ጫፉ በዓይኑ ለካው። ይህን ሰልፍ ከበተነው ለአለቃው ምን ብሎ ይመልሳል? ተሳድቦ አለንጋውን ለቀቀ።

ቲቸር ጎናቸውን ይዘው ተነሱ። መሬቱን ዳበሱ፤ የመነጽሩ ፍሬም ብቻ ነበር የቀረው።

«ሞጂሶላ፣ የት ላይ ነበርኩ?»

«ስልሳ አንድ ላይ ነዎት፣ ቲቸር።»

«ቀጥሎ ያለው ሰው ማነው? ሁሉም ጭጋግ ሆኖብኛል።»

ሞጂሶላ ቀና አለች። ቢሊኪሱ ሕፃኑን እሹሩሩ እያለች በዓይኖቿ ትለምናታለች። የእሷም እናት ሽንኩርት የሚሸጡት እዚያው ገበያ ነው። ዝም ብላ «ሴት ናት» ብትል ቲቸር አያውቁም። አክስቷ ወደ ፊት ብቻ እያዩ፣ ጀርባቸውን አቅንተው ቆመዋል። ዞር ብለው አንድ ቃል ቢነግሯት ምን ነበረበት! አልዞሩም።

የቲቸርን ክንድ ያዘች።

«ቢሊኪሱ ናት፣ የክፍላችን ልጅ» አለችና ወደሚቀጥለው ሰው ወሰደቻቸው።