ቁልቁለት ላይ የከዳ ፍሬን

ሬሳው ከዴራ ቁልቁለት ግርጌ በተነሣ ማግስት፣ በነሐሴ 1976 ዓ.ም.፣ ሃምሳ አለቃ ትርፌ አሰላ ፖሊስ ጣቢያ ተጠራች። የተጠራችው ወንጀለኛ እንድትፈልግ አልነበረም። ወንጀለኛው ተገኝቷል፤ የጎደለው ፊርማው ብቻ ነው።

«ሟቹ የእርሻ ጽሕፈት ቤቱ ሹፌር ወልደአማኑኤል ነው» አለ አለቃዋ ሻምበል ኃይለየሱስ፣ የተጻፈ ወረቀት ወደ እሷ እየገፋ። «ገዳዩ መካኒኩ ካሣዬ። የመንግሥትን ላንድሮቨር አሻሽላለሁ ብሎ ፍሬኗን በታትኖ ገጣጠመ፤ በማግስቱ ሰው ሞተ። አሻጥር ነው። ነገ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ይላካል፤ ዛሬ አስፈርሚው።»

«ካልፈረመስ ጌታዬ?»

«ትርፌ፣ አታድርቂኝ።»

በዚያ ዘመን በአሻጥር ተከስሶ የተላከ ሰው ቶሎ አይመለስም፤ ጨርሶ ያልተመለሰውም ብዙ ነው። ትርፌ ይህን ታውቃለች። ደግሞም የከባድ መኪና ሹፌር ልጅ ናትና ስለ ፍሬን ከሻምበሉ ትሻላለች። ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተች።

ካሣዬ ስድሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ጥፍሩ ሥር የገባው ግራሶ በሳሙና የማይለቅ ሰው ነው። ገና የእስር ክፍሉ በር ሲከፈት ተነሥቶ ቆመ።

«እጄን ቁረጡት እንጂ አይፈርምም!»

«ማን ፈርሙ አለዎት፣ ጋሽ ካሣዬ? ይልቅ የሠሩትን ይንገሩኝ።»

ሽማግሌው ትኩር ብሎ አያት። ከታሰረ ጀምሮ ስለ ሥራው የጠየቀው ሰው አልነበረም።

«መኪናዋ የጮሌ ወረዳን ጭቃ እንድትወጣ ባልስትራዋ ከፍ ተደርጎ ትልልቅ ጎማ ገብቶላታል። ጎማው ሲከብድ የድሮው ፍሬን አልችል አለ። ከወዳደቀ ረጅም ላንድሮቨር ሰፋ ያለ የፍሬን ታምቡርና ሸራ አወጣሁ። ከአሮጌ የጭነት መኪና ደግሞ የእግርን ጉልበት የሚያግዝ ዕቃ ገጠምኩላት። ሰኞ ጠዋት የታሸገ ፍሬን ዘይት በነጭ ጀሪካን ተሰጠኝ። የፍሬኑን የላስቲክ ጎሚኒዎች ለማራስ ጥቂት ቀዳሁ፤ የቀረው የደረሰበትን በምስማር ጭሬ ቁም ሣጥኑ ውስጥ አኖርኩና ምሳዬን በላሁ።»

«ለምን ጫሩበት?»

«ፍሬን ዘይት እንደ መድኃኒት በጠፋበት ጊዜ! ቀንሶ የሚሄድ ሌባ አለ እኮ። መካኒክ ሁሉ ይጭራል። ከምሳ መልስ ሳየው ጭረቱ ላይ ልክ ነው። ሞላሁት፣ አየሩን አስወጣሁ፣ ሹፌሩ ወልዴ ከተማውን ዞረባት። ስትረግጣት ቀጥ! ግን ዘይቱ ቀጠን ያለ መስሎኝ ነበር፣ ልጄ። ፋብሪካው ተለውጦ ይሆናል ብዬ ተውኩት። ለዚህ ለዚህስ ጥፋተኛ ነኝ።»

ትርፌ ከዚያ ወደ እርሻ ጽሕፈት ቤቱ ግቢ ሄደች። የተጨፈለቀችው ላንድሮቨር በጎታች መኪና መጥታ ጋራዡ ፊት ተዘርግታለች። ትርፌ እንደ ምንም ተጣጥፋ ገባችና ፔዳሉን ረገጠች። እንደ ድንጋይ ጠንካራ ነው። ደግማ ረገጠች፤ ያው ነው። ቱቦዎቹን በጣቷ ተከተለቻቸው፤ አንዲት ጠብታ አላፈሰሱም። የትራፊክ ሪፖርቱ ግን መንገዱ ላይ የጎማ ፍትጊያ ምልክት እንዳልነበረና ገበሬዎች ከላይ እስከ ታች ያልተቋረጠ ክላክስ እንደሰሙ ይናገራል። ሹፌሩ ፍሬን አጥቶ ሞቷል፤ ፍሬኑ ደግሞ ደህና ሆኖ ቁጭ ብሏል።

ቀና ስትል ዓይኗ ፎቁ ላይ አረፈ። ከላይኛው መስኮት ሥር ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዘይት ቀለም የተጻፈ ሰሌዳ ተሰቅሏል፦ «ሁሉም ለእናት ሀገር ይዘምታል!» የመጀመሪያው ቃል ቀለም ተሸብሽቦና ተላጦ ወደ ታች ወርዷል።

«ይሄን ምን ነካው?» ስትል የግምጃ ቤት ኃላፊዋን ተሻለችን ጠየቀቻት።

«ዝናብ ነው ይላሉ።»

«የአሰላ ዝናብ ቃል መርጦ መዝነብ ጀመረ?»

ተሻለች ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። የዘይቱን ነገር ስትጠየቅ ግን ኮስተር አለች። ጀሪካኑን ማሸጊያው ሳይነካ እንዳስረከበችና አንድ ሌላ የታሸገ እንደቀራት ተናገረች። ካሣዬ የጻፈውንም ደብዳቤ አወጣች፦ «ውሃ የገባበት ፍሬን ዘይት ሲግል ቁልቁለት ላይ ስለሚከዳ፣ ያልተከፈተ እንዲሰጠኝ።» ከሥሩ በቀይ «ይፈቀድ» ተብሎ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አሳምነው ፈርሞበታል።

«ሰኞ በምሳ ሰዓት ግቢው ውስጥ ማን ነበር?»

«ካሣዬ ከዛፉ ሥር ሲበላ ነበር። እኔ ግምጃ ቤቱ በር ላይ ሹራቤን እሠራለሁ። ጓድ አሳምነው ደግሞ መኪናዋ ደረሰች ወይ ብለው ጋራዥ ገቡ፤ ካፖርታቸውን ክንዳቸው ላይ ጥለው ወደ ቢሯቸው ወጡ። ትንሽ ቆይተው እንደገና ወደ ጋራዡ ተመለሱ። ዕቃ ረስቼ ነው አሉኝ።»

የሟቹ ሚስት አበራሽ ለቅሶ ቤቷ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ደርቋል።

«ልጃችን በሚያዝያ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ፤ መልማዩ አሳምነው ራሱ ነው። ይሁን፣ የሁሉም ልጅ ሄዷል አልን። በኋላ ባሌ የአሳምነውን ልጅ በዚያችው መኪና ጮሌ ዘመድ ቤት አድርሶ እንዲደብቅ ታዘዘ። አደረሰው። ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣ። ባለፈው ሳምንት ፊት ለፊት ነገረው፤ «ወይ የእኔን አስመልስ፣ ወይ ያንተን ላክ፤ አለዚያ አዲስ አበባ ሄጄ አመለክታለሁ» አለው። ማክሰኞ ለመለዋወጫ ናዝሬት ሲላክ ማመልከቻውን ደረት ኪሱ ይዞ ነበር።»

«ኪሱ ውስጥ ወረቀት አልተገኘም፣ እትዬ አበራሽ።»

«አደጋው ቦታ ቀድሞ የደረሰው አሳምነው ነዋ!»

አሥር ሰዓት ላይ ትርፌ ሁሉንም ጋራዡ ፊት ሰበሰበቻቸው። ካሣዬ እጁ ታስሮ፣ ተሻለች፣ አበራሽ በጥቁር ልብሷ፣ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች፣ በመጨረሻም ሻምበሉና ጓድ አሳምነው መጡ። አሳምነው ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

«ሊፈርም ነው የተባልነው» አለ።

«ይፈርማል፣ ጓድ። መጀመሪያ ሁለት ጣሳ ላሙቅ።»

የላምባ ምድጃው ተለኮሰ። በአንደኛው ጣሳ ትርፌ ግምጃ ቤት ከቀረው የታሸገ ጀሪካን ቀዳች፤ በሁለተኛው ከወደቀችው መኪና የፍሬን ቱቦ ፈትታ ያወጣችውን ዘይት ጨመረች። ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛው ጣሳ እንደ ሻይ ተንፈቀፈቀ። የመጀመሪያው ዝም ብሎ ተቀምጧል።

«ይሄኛው ውሃ ገብቶበታል» አለች። «ከኢተያ ከተማ በኋላ ቁልቁለቱ ሲጀምር ታምቡሩ ጋለ፣ ውሃው ፈልቶ እንፋሎት ሆነ። እንፋሎት ቢረግጡት ይሸሻል፤ ፔዳሉ ወለል ነካ። መኪናዋ ስትቀዘቅዝ እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ ተመለሰ፣ ፔዳሉም ጠነከረ። መካኒኩ አንድ ቡሎን አላላ ቢባል ኖሮ ዛሬም ላልቶ ባገኘነው ነበር።»

«እንግዲያው ውሃውን የጨመረው እሱ ነዋ!» አለ አሳምነው።

«ሊጨምርበት ያሰበ ሰው ውሃ ገዳይ መሆኑን አስቀድሞ በደብዳቤ ለአለቃው ይጽፋል? ጋሽ ካሣዬ የጠበቁት ሌባን ነው፤ ልኩን ጫሩ። ገዳዩ ዘይቱን አጋምሶ ደፍቶ ጭረቱ ድረስ በውሃ ሞላው። ደብዳቤውን ያነበበ ሰው ነው። በምሳ ሰዓት እዚህ የነበረ ሰው ነው። ከዛፉ ሥር ጋሽ ካሣዬ፣ ከበሩ ላይ ተሻለች ስላሉ ግቢው ውስጥ ሊደፋው አልቻለም። በካፖርት ሸፍኖ ወደ ቢሮው ወሰደው፣ በመስኮቱ ደፋው፣ ከጠረጴዛው ማሰሮ ውሃ ሞላበት።»

ሁሉም ቀና ብሎ ሰሌዳውን አየ።

«እሱን የላጠው ዝናብ ነው!» ጮኸ አሳምነው።

ትርፌ ከመጀመሪያው ጣሳ ቀዝቀዝ ካለው ዘይት ጨርቅ ነክራ መሰላል ወጣች፤ «ይዘምታል» ከሚለው ቃል ጫፍ ላይ ቀባችው። ወርዳ ጠበቀች። ቀለሙ ቀስ ብሎ ተሸበሸበ፣ ተነሣ፣ ወደ ታች ተንሸራተተ።

«ፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል» አለ ካሣዬ በዝግታ። «ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነገር! እኔ ዓይኔ የት ነበር?»

«ከዚያ ቃል በላይ ያለው የማን መስኮት እንደሆነ ሠራተኛው ያውቃል» አለች ትርፌ። «ልጅዎ ጮሌ ወረዳ መደበቁን ደግሞ እናቶች ሁሉ ዛሬ አወቁ።»

አሳምነው ወደ ሻምበሉ ዞረ። «ይህቺን ሴት ማን እንደሆንኩ ንገራት!»

«አውቃለሁ ማን እንደሆኑ» አለች፣ ሻምበሉ ሳይናገር። «ለሻምበሉ ለብቻቸው ብነግራቸው ጉዳዩ ከመሳቢያ አይወጣም ነበር። ለዚህ ነው ሰው ፊት የተናገርኩት። ሌላ ቢጽፉ ይጻፉ፤ እኔ አልጽፍም።»

ሻምበል ኃይለየሱስ ላቡን ጠረገ። ሠራተኞቹን አየ፤ አንዳቸውም ከቦታቸው አልሄዱም። አበራሽ ሄዳ የግቢውን በር ዘጋችና ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆመች።

«ኪሱን ሳታዩ ይሄ ሰው ከዚህ አይወጣም» አለች።

ሻምበሉ እጁን ዘረጋ። «ጓድ አሳምነው፣ ኪስዎን እንይ።»

የሟቹ ማመልከቻ እዚያው ነበር፤ አራት የታጠፈ፣ ጠርዙ ላይ ደም የነካው። አሳምነው አደጋው ቦታ ቀድሞ ደርሶ ከሟቹ ደረት ኪስ አውጥቶታል። ቢሮው ትቶት ሰው እንዳያገኘው ሰግቶ ይዞት ይዞራል፤ ዙሪያው ሰው እየበዛ ሳያቃጥለው ቀርቷል።

ትርፌ የካሣዬን እጅ ፈታች። ከኪሷ ያላስፈረመችበትን ወረቀት አወጣችና ገልብጣ፣ ባዶው ገጽ ላይ ያዩትን ሁሉ ጻፈች። ከታች «ምስክር» ብላ ብዕሩን ዘረጋችለት።

ካሣዬ የእጁን ግራሶ በሱሪው ጠረገ። ከመፈረሙ በፊት ግን ቀና አለ።

«አንድ ነገር ጨምሪበት። ፍሬኑ ደህና ነበር በዪ።»

ጨመረችበት። ፈረመ።